ባለ ጠንካራ ሽፋኑ ካታሎግና የእትዬ የሺ ጠገራ ብር

ነገሩ የሆነው ባለፈው ዓመት በፋሲካ ሰሞን ነው። ሰው ገጠመኝ ሲጽፍ ከሌባ ወይም ከመኪና አደጋ ስለማምለጡ ይጽፋል። እኔ የምጽፈው ስለ አንድ መጽሐፍና ስለ ገዛ ባሌ ነው። ሰው አልሞተበትም፤ ቤትም አልተቃጠለበትም። ግን ዛሬም ሰሃን እያጠብኩ ድንገት ትዝ ሲለኝ ደሜ ይፈላል።

ሸማ ተራ ውስጥ ጋቢ፣ ነጠላና የሐበሻ ቀሚስ የምንሸጥበት ትንሽ ሱቅ አለን። አለን ልበል እንጂ ሱቁን የያዝኩት እኔ ነኝ። ባለቤቴ ደምሴ ወንበር ያሞቃል። የሱ ሥራ የድሮ ሳንቲም ነው፤ ሥራ ካሉት። በቆርቆሮ ያጠራቀማቸውን ቤሳዎች በአጉሊ መነጽር ሲያገላብጥ ይውላል። ከመጠጥ ይሻላል ብዬ ዝም ብዬዋለሁ። ዝም ማለት ያቃተኝ በመጽሐፎቹ ነው።

ውጭ አገር የድሮ ሳንቲም በጨረታ የሚሸጡ ድርጅቶች አሉ አሉ። ለየጨረታው ካታሎግ ያሳትማሉ። የሳንቲሙ ፎቶ አለ፤ ከሥሩ በእንግሊዝኛ ማብራሪያና የዋጋ ግምት አለ። ይኸው ካታሎግ በስልክ በነፃ ይታያል። ደምሴ ግን ጠንካራ ሽፋን ያለው ካልሆነ እጁም አይነካው። ከውጭ ዕቃ የሚያመጣ አንድ ወዳጁ አብነት ሰፈር ያለ ሻይ ቤት ድረስ ይዞለት ይመጣል። የመጨረሻውን የገዛው በአራት ጥሩ ጥሩ ጋቢ ዋጋ ነው። ጋቢዎቹን የሸጥኩት እኔ ስለሆንኩ አውቀዋለሁ።

መጽሐፉን ሳገላብጠው ጨረታው ካለቀ ቆይቷል። ሳንቲሞቹ ተሽጠው ገዢዎቹ ቤታቸው ገብተዋል።

"ይሄ እኮ ያለቀ ጨረታ ነው" አልኩት።

"አንቺ አይገባሽም። ማጣቀሻ ነው" አለኝ።

ሠርጉ ካለፈ በኋላ የጥሪ ካርድ በገንዘቡ የሚገዛ ሰው ከሱ በቀር አላየሁም። ካርዱን ደግሞ በላስቲክ ሸፍኖ፣ እጁን በሳሙና ታጥቦ ነው የሚገልጠው። ደንበኛ ሱቅ ሲገባ ጋቢ ከማሳየት ይልቅ ያንን ድንጋይ የሚያህል መጽሐፍ ዘርግቶ፣ "ይቺን አይተሃል? ለንደን ላይ ስንት እንዳወጣች ታውቃለህ?" ይላል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ። ደንበኛውም "አላየሁም" ይልና ነጠላውን ከጎረቤት ገዝቶ ይሄዳል።

በጾሙ መጨረሻ የደምሴ ታላቅ እህት እትዬ የሺ ከጎጃም መጡ። እናቱ በልጅነቱ ስለሞቱ ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። ልጃቸው ማስተዋል ከፋሲካ በኋላ ልታገባ ስለነበር የሠርግ ልብስ ሊገዙ ነው የመጡት። ቀሚሱንና ኩታውን መርጠን ስንጨርስ ከአንገታቸው ላይ ጥቁር ክር ፈቱ። ክሩ ላይ አንድ ጠገራ ብር ተንጠልጥሏል። ባለ አንበሳው፣ የድሮው፣ ከላዩ ማንጠልጠያ ጆሮ የተበየደለት። ከብዙ ዘመን ላብና ቅባት የተነሳ ጥርስ በመሰሉት የዳር መስመሮቹ መሀል ጠቁሯል። አንበሳው ፊቱ ተፍቆ ድመት መስሏል።

በነሱ ቤት እናት ለልጇ በሠርጓ ማለዳ በእጇ የምታስርላት ይሄንን ብር ነው። ለእትዬ የሺ ያሰሩላቸው እናታቸው ናቸው፤ ለእናታቸው ደግሞ አያታቸው። አሁን ተራው የማስተዋል ነው። የሙሽራው አክስቶች በሽምግልናው ጊዜ ስለ ቤታቸው ጌጥ ሲያወሩ ስላመሹ፣ እትዬ የሺም "እኔም ለልጄ የእናቴን ብር አስርላታለሁ" ብለው ተናግረው ነበር። ሀብታም አይደሉም። ያቺ ብር ነበረች ክብራቸው።

"ጆሮዋ ላልቷል። ልውደቅ ልውደቅ ትላለች። እዚህ ብር ሠሪ አይጠፋምና አስጠብቅልኝ" ብለው ለደምሴ ሰጡት። በማግሥቱም ወደ አገራቸው ተመለሱ።

የጠየቁት ይሄንኑ ነው። ጆሮ ማጥበቅ። ሻይ ተጠጥቶ እስኪያልቅ የሚያልቅ ሥራ ነው።

ደምሴ ግን ብሩን ይዞ መጽሐፉ ላይ ተደፋ። ሲገልጥ፣ ሲገልጥ ቆየና ጮኸ። ተመሳሳዩ ካታሎጉ ውስጥ አለ! ከሥሩ የተጻፈው ግምት ወደ እኛ ብር ሲመነዘር ደምሴ ከወንበሩ ዘሎ ተነሳ። ወዲያው ለእህቱ ደወለ። "እትዬ፣ ይቺ ብር ሀብት ናት! ልሽጣትና ለልጅቷ ወርቅ በወርቅ ላድርጋት" አላቸው። ስልኩ ከፍ ብሎ ስለነበር መልሳቸውን ሰማሁ። "የእማዬ ናት እኮ፣ ደምሴ" አሉ። እሱ ስለ ለንደን ያወራል። በመጨረሻ፣ "እኔ ምን አውቃለሁ፤ የተማርከው አንተ ነህ። አንተ ካልክ ይሁን" አሉ።

እኔ እንዲተወው ነገርኩት። "ሴትዮዋ ጆሮ አስጠብቅልኝ ነው ያሉህ" አልኩት። ሰውዬው ግን እዚያ አልነበረም። ልቡ ለንደን ነበር።

ቀጥሎ ያደረገውን ስነግራቸው የሚያምኑኝ ሰዎች ጥቂት ናቸው። መጽሐፉ ላይ ያለው ብር ጆሮ የለውም። ያብረቀርቃል። የእህቱ ብር ጆሮ አለው፤ ጠቁሯል። ስለዚህ ደምሴ መጽሐፉን በብብቱ ሸጉጦ ብር ሠሪው ጋ ሄደና ገጹን ዘረጋለት። "ልክ እንደዚህ አድርግልኝ" አለው። ፀጉር ቤት የተጫዋች ፎቶ ይዞ እንደሚሄድ ጎረምሳ! ብር ሠሪው ምን ቸገረው፣ የታዘዘውን አደረገ። ጆሮውን ነቀለ፣ ቦታውን ሞረደ፣ በአሲድ አጠበ፣ በማሽን ወለወለ።

ማታ ይዞት ሲመጣ ከሱቅ የወጣ ማንኪያ ይመስላል። ጥቁረቱ የለም። የድመቷ ፊትም የለም።

"አየሽ? አሁን መጽሐፉን መሰለ!" አለኝ። እንዲህ ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም። እኳላለሁ ብላ ዓይኗን አጠፋች የሚባለው ይሄ ነው።

ከሁለት ቀን በኋላ ደምሴ የጠራው የድሮ ሳንቲም የሚሰበስብ ሰው ሱቃችን መጣ። ረጋ ያለ፣ ንጹሕ ጃኬት የለበሰ ጎልማሳ ነው። ደምሴ ለስላሳ አስከፈተለት፣ ብሩን በነጭ መሀረብ ላይ አኖረለት፣ መጽሐፉንም በገጹ ከጎኑ ዘረጋ። ሰውዬው ብሩን አንስቶ ወደ በሩ ብርሃን አዞረውና ወዲያው መልሶ አስቀመጠው።

"ማነው እንዲህ ያደረገው?"

"እኔ ነኝ ያሳጸዳሁት" አለ ደምሴ፣ ደረቱን ነፍቶ።

"ጆሮ ነበረው?"

"ነበረው። አስነቀልኩት።"

ሰውዬው ደምሴን ትንሽ አየው። "ወንድሜ፣ የተጠረገ ሳንቲም ማንም ሰብሳቢ አይገዛህም። ይሄ አሁን በሚዛን ነው የሚሸጠው። ከነጥቁረቱ፣ ከነጆሮው ቢሆን ቢያንስ የአገር ጌጥ ነበር። እኔው ለሚስቴ እገዛት ነበር" አለው።

ደምሴ መጽሐፉን እየጠቆመ፣ "እንዴ፣ ይኸውና እኮ እዚህ..." አለ። ሰውዬው ጎንበስ ብሎ መጽሐፉን አነሳ። ጀርባውን ዳበሰ፣ ስፌቱን አየ። ከዚያም፣ "ይሄንን ግን ትሸጠዋለህ? ባለ ጠንካራ ሽፋኑ አሁን አይገኝም" አለው። የጠራለት ዋጋ ደምሴ ከገዛበት በደንብ ይበልጣል።

እዚህ ላይ እውነቱን መደበቅ አልችልም። ስሰድበው የከረምኩት መጽሐፍ ዋጋውን ያወጣል። ዋጋ የማያወጣው ገዢው ነው። በዚያ ገንዘብ ለማስተዋል ደህና የወርቅ ጉትቻ ይገዛ ነበር። የእናት ብር ባይተካም ለእህቱ ባዶ እጁን አይሄድም ነበር። እኔም ደስ አለኝ። "ስጠው!" ልል አፌን ስከፍት ደምሴ መጽሐፉን ከሰውዬው እጅ ቀማና ደረቱ ላይ ለጠፈው።

"መጽሐፉማ አይሸጥም!" አለ።

የእናቱን ብር መጽሐፍ እንዲመስል ብሎ አስፍቋል፤ መጽሐፉ ግን አይሸጥም። ሰውዬው ለስላሳውን ሳይጨርስ ወጣ። እኔም ጋቢ ማጠፍ ቀጠልኩ።

ሠርጉ እየቀረበ ነበርና ደምሴ ወደ ብር ሠሪው ተመልሶ ጆሮ እንዲበየድለት ጠየቀ። የድሮው ጆሮ ከሌላ ቁርጥራጭ ጋር ቀልጦ ስለነበር አዲስ ተሠራለት። ብሩም አዲስ፣ ጆሮውም አዲስ ሆነ።

ጎጃም ስንደርስ እትዬ የሺ ብሩ የተቋጠረበትን መሀረብ ፈተው አዩት። ደምሴ፣ "ገበያው አልተመቸም፤ ግን አሳምሬ አሳጸዳሁልሽ" አላቸው። እሳቸው አውራ ጣታቸውን አንበሳው ላይ ወዲያና ወዲህ አመላለሱ። የሚፈልጉትን እንዳጡት ከፊታቸው አወቅኩ። "እግዜር ይስጥህ" ብቻ አሉት። በማለዳው በጥቁር ክር ለልጃቸው አሰሩላት።

ከምሳ በኋላ የሙሽራው አክስቶች ሙሽሪትን ከበው ጌጧን ያዩ ጀመር። አንዷ ወፍራም ሴትዮ፣ አምባር በአምባር የሆነች፣ ብሩን በሁለት ጣቷ ያዘችና ገለበጠችው። ወደ እትዬ የሺ አየችና ፈገግ አለች።

"ይቺ ናት የእናትዎ ብር? መርካቶ እኮ አሁን ድሮ የሚመስል ይሠራሉ አሉ" አለች፣ ሌሎቹ እንዲሰሟት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ።

ደምሴ አጠገባችን ነበር። እጁ ውስጥ ሥጋ የተጠቀለለበት ጉርሻ ነበረ። መናገር የነበረበት እሱ ነው። "የእናታችን ናት፤ ያበላሸኋት እኔ ነኝ" ማለት ነበረበት። እኔ አየሁት፤ እህቱም አዩት። ጉርሻውን ጎረሰ።

እትዬ የሺ ዓይናቸውን ከሱ ላይ ነቀሉና ወደ ሴትዮዋ ዞሩ።

"የእናቴማ ጠፋችብኝ፣ እመቤት" አሉ። "ይቺ ከመርካቶ ናት። ወንድሜ ነው ያሠራልኝ፤ እግዜር ይስጠው።"

ሴቶቹ ተያዩ። አንዷ "እህ" አለች። ማስተዋል አንገቷን ደፋች። እትዬ የሺ ተነስተው ጠላ ሊቀዱ ወደ ጓዳ ገቡ። ተከትዬ ስገባ በጨለማው ውስጥ ማሰሮውን ይዘው ቆመው ነበር። "እትዬ፣ ለምን እንዲህ አሉ?" አልኳቸው። "ታዲያ በሰው ፊት ላዋርደው? ልጄ እኮ ነው" አሉኝ። ከዚያ ጠላውን ይዘው ወጡ።

አውቶቡስ ላይ ስንመለስ ደምሴ መስኮቱን እያየ፣ "እትዬ ግን ዘዴኛ ናት አይደል? ነገሩን እንዴት አድርጋ አበረደችው!" አለኝ። ስንቱን ዓመት አብሬው ስኖር ብዙ ተናድጄበታለሁ፤ ንዴት ግን ያልፋል። ያን ዕለት የተሰማኝ ንዴት አልነበረም። ናቅኩት። እስካሁንም እንደናቅኩት ነው።

እትዬ የሺ በየሳምንቱ እሁድ ይደውላሉ። ሰላምታ እንኳ ሳንጨርስ፣ "ደምሴስ? ጤናው እንዴት ነው? ይበላልኝ?" ይሉኛል። "ደህና ነው፣ ይበላል" እላለሁ። ከዚያ ስልኩን ለሱ አቀብልና ወደ ሥራዬ እመለሳለሁ።