ነገ ቻርጅ ይደረጋል

ባትሪ ሞይው ጠዋት ሱቁን እንደከፈተ የመኪና ባትሪዎቹን በተርታ ይደረድራል፤ ጫፋቸውን በብርጭቆ ወረቀት ፈትጎ ቀዩን መቆንጠጫ ከፕላሱ፣ ጥቁሩን ከማይነሱ ያያይዛል። ሰፈሩ የወጣለትን ስም ረስቶ «ቻርጅ» ይለዋል። እንግሊዝኛ አያውቅም፤ ይህችን አንዲት ቃል ግን ከእኔ በላይ የሚያውቃት የለም ባይ ነው።

ታክሲ ነጂው ልጁ ሰሞኑን መንገድ የሚሻገር ሰው ገጭቶ ታስሯል። የተገጨው ሰው ሆስፒታል ተኝቷል፤ እስካሁን አልነቃም።

ረፋዱ ላይ የልጁ ጠበቃ ረዳት ደወለች። መስመሩ ይቆራረጣል።

«አባባ፣ ልጅዎ ነገ ቻርጅ ይደረጋል» አለችና ጠፋች።

ወዲያው ለሚስቱ ደወለ። «ስልኩን ሊሰጡት ነው! ነገ ቻርጅ ያደርጉለታል፣ ድምፁን እንሰማለን!»

«አንተ ሰውዬ፣ ለእስረኛ ማን ስልክ ይሰጣል?»

«ሊሰጡት ነው የምልሽ! እንዲያውም የራሴን ገመድ እወስድለታለሁ፤ የእነሱ አያስተማምንም።»

ገመዱን ጠቅልሎ ኪሱ ሲከት ጡረታ የወጡት የፍርድ ቤት አስተርጓሚ ባትሪያቸውን ሊወስዱ ገቡ።

«ቻርጅ፣ ዛሬስ ፊትህ በርቷል። ራስህን ሰክተህ አደርክ እንዴ?»

የሰማውን ነገራቸው። ሳቃቸው ፊታቸው ላይ ደረቀ።

«ስማኝ ወዳጄ» አሉት በርጩማ ስበው። «ችሎት ውስጥ ቻርጅ የሚሉት ክስን ነው።»

«ቻርጅ? ይሄው የኔ ቻርጅ፣ ጋሼ?»

«ያው ራሱ። ጥንት ጋሪ ላይ ሸክም መጫን ማለት ነበር። ኋላ ባትሪ ኃይል ሲሞላም፣ ሰው ወንጀል ሲጫንበትም በዚያው ጠሩት።»

ገመዱን ከኪሱ አወጣ። «ምን ያህል ይጭኑበታል?»

«እሱ በተገጨው ሰው ነው። ከነቃ ይቀላል።»

ዕድሜውን ሙሉ ልብ ያላለው የቻርጀሩ እዝዝ የሚል ድምፅ ጆሮው ውስጥ ገባ። ተነስቶ ሁሉንም ነቀለ።

«ቻርጅ!» የሚል ደንበኛ ከውጭ ሲጣራ ክው አለ።

ሚስቱ መልሳ ደወለች። «ገመዱን አደረስክለት?»

«ነገ አብረን እንሄዳለን» አላት። «ሌላውን ቤት ስመጣ እነግርሻለሁ።»

በማግስቱ ሱቁ አልተከፈተም። የተገጨው ሰው ሌሊቱን ሞቶ ስለነበር፣ ክሱ የተነበበው ሰው በመግደል ነው።