በውሃ ላይ የሚሄደውን መኪና ልገዛ ሰመራ ስወርድ

በዚህ ጉዳይ ውስጥ ያለነው ሰዎች እነዚህ ነን። የመጀመሪያው እኔ ይመር ነኝ። አዋሽ ሰባት ኪሎ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ስኳር፣ ጨውና ጨርቅ እሸጣለሁ። ትምህርት ቤት አልገባሁም፤ ማንበብ የለመድኩት ስኳር ከምጠቀልልበት ጋዜጣ ላይ ነው። ሁለተኛው የባለቤቴ ወንድም እንድሪስ ነው፤ ቆዳ ይነግዳል። ሦስተኛዋ ጎረቤታችን እትዬ ጥሩነሽ ናት፤ ለከባድ መኪና ሾፌሮች ምግብና አልጋ ታቀርባለች። አራተኛዋ ልጄ ዘሃራ ናት፤ አፋምቦ በአስተማሪነት ተመድባ ሁለተኛ ዓመቷን ይዛለች። አምስተኛው ሰመራ የሚኖረው መካኒክ ደስታ ነው፤ የመኪናው ባለቤት። ስድስተኛው መንገድ የመራን አፋር፣ ሁመድ ነው።

ነገሩ የተጀመረው አንድ ሾፌር እትዬ ጥሩነሽ ቤት ምሳ ሲበላ ባወራው ወሬ ነው። ከመሬት በታች ያለውን ፍል ውሃ ሊመረምሩ የመጡ ፈረንጆች በጭቃም በውሃም የሚሄድ መኪና ትተው ሄደዋል፤ ደስታ የሚባል መካኒክ በሐራጅ ገዝቶት አሁን ሊሸጠው ይፈልጋል አለ። በየክረምቱ አዋሽ ሲሞላ ከአሳይታ ወደ አፋምቦ የሚወስደው መንገድ ይቆረጣል፤ ስኳር አይገባም፣ ቆዳና ቅቤ አይወጣም። መኪናውን ብንይዝ ያ ገበያ የእኛ ነው ብለን ሦስታችን ገንዘብ አዋጣን። አምስት ሺህ አራት መቶ ብር ሆነ። አይቶ፣ መርምሮ፣ ተከራክሮ እንዲገዛ የተመረጥኩት እኔ ነኝ፤ ይመር በዕቃ ፊት ልቡ አይርድም ይሉኛል።

እኔ ግን ሌላም ምክንያት ነበረኝ። ባለፈው ክረምት ዘሃራን ወባ ሲጥላት የሰማሁት ከዳነች በኋላ ነው። ይህን ለሸሪኮቼ አላነሳሁባቸውም።

ከአዋሽ እስከ ሚሌ

ነሐሴ አጋማሽ ላይ፣ ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት አውጥቼ፣ ባዶውን ወደ አሰብ በሚወርድ ባለ ተሳቢ መኪና ጋቢና ተሳፈርኩ። ባለቤቴ ገንዘቡን ሸራ ቀበቶ ውስጥ ሰፍታ ወገቤ ላይ አስራልኛለች። ሾፌሩ ዘጠኝ ብር ጠየቀኝ፤ ስምንት ከፈልኩት። ኬላው ላይ ወታደሩ ወረቀቴን ገልብጦ አየና ለምን እንደምሄድ ጠየቀኝ። መኪና ልገዛ ነው አልኩት። የነተበ ጫማዬን ተመልክቶ ሳቀና አሳለፈኝ።

ገዋኔን ስናልፍ የአያሉ ተራራ በስተቀኛችን በሙቀቱ ጭጋግ ውስጥ ከመሬት ተነቅሎ የተንሳፈፈ ይመስል ነበር። ከፊታችን አስፋልቱ ላይ ውሃ ይተኛል፤ ስንደርስበት የለም፤ ወዲያ ማዶ ደግሞ ይተኛል። ሾፌሩ አያወራም፣ ሞተሩ ያንጎራጉራል፣ ዓይኔ ይከደንና ይገለጣል። በዚያ በሌለ ውሃ ላይ መኪናዬን እየነዳሁ ነበር። ሰው ያላየውን ዕቃ በልቡ መግዛት የለበትም ብዬ ልጆቼን ስንት ጊዜ ገሥጫለሁ። እኔ ግን ሚሌ ሳልደርስ ገዝቼዋለሁ።

ሚሌ የፍየል ጥብስ በሁለት ብር ከሃምሳ በላሁ፤ ደጅ ላይ የተዘረጋ የጠፍር አልጋ በአንድ ብር ተከራየሁ። የቤቱ ባለቤት እንደ እኔ የባቲ ተወላጅ ናት። የአገሬን ልጅ አገኘሁ ብላ ሻይ በነጻ ጨመረችልኝና የመጣሁበትን ጠየቀችኝ። ነገርኳት።

«ጋሼ፣ በውሃ የሚሄድ ከፈለጉ ጀልባ አለ፤ በየብስ የሚሄድ ከፈለጉ መኪና አለ» አለችኝ። «ሁለቱንም ነኝ የሚል ነገር እንደ ባለ ሁለት ሚስት ባል ነው። ሲፈልጉት አንዱም ቤት አይገኝም።»

የተኙት ሾፌሮች ሳይቀሩ ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም፤ ሴትዮዋ ያላየችውን ነገር ነው የምትተቸው ብዬ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ።

ሰመራ

ሰመራ ያኔ ከተማ ለመባል ገና ነበር። በጥቁር ድንጋይ ሜዳ ላይ የተበተኑ የቆርቆሮ ቤቶች፣ የነዳጅ በርሜሎችና የደከማቸው መኪኖች፤ ያ ነው። ደስታን በርሜል ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ከእኔ በዕድሜ የሚያንስ፣ እጁ በግራሶ የጠቆረ፣ ጨዋ አነጋገር ያለው ሰው ነው።

መኪናው የከብት ማጠጫ ገንዳ ይመስላል። የሰመራ ሰዎችም ገንዳው ነው የሚሉት። መሪ የለውም፤ ሁለት ዘንጎች ብቻ አሉት። የግራውን ሲስቡት ወደ ግራ፣ የቀኙን ሲስቡት ወደ ቀኝ ይዞራል። ስድስቱ ጎማዎች እንደ ተነፋ ስልቻ ለስላሳ ናቸው። አራት ኩንታል ይይዛል አለኝ። አረንጓዴ ቀለሙ አዲስ ነበር። ዋጋውን ስጠይቀው መጀመሪያ ተሳፍሬ እንድሞክረው፣ ሒሳቡን ስንመለስ እንደምናወራ ነገረኝ። እስከ አፋምቦ ልንሄድና የቤንዚኑን ግማሽ እኔ ልከፍል ተስማማን። ቤተሰቡን ጠይቆ ሊመለስ የፈለገው ሁመድ መንገድ ሊመራን አብሮን ተሳፈረ።

በመንገድ ላይ

ጠዋት ተነሳን። የዱብቲን የጥጥ ማሳ አልፈን ከመንገዱ ስንወጣ ገንዳው ጉድባውንም ድንጋዩንም ሳይመርጥ ይረግጠው ጀመር። እንደ ጭነት መኪና አያንገጫግጭም፤ ያባብላል። ከፊታችን አቧራው ወርቅማ ነው፤ በውስጡ ግመሎች እግር የሌላቸው መስለው ያልፋሉ።

በዚህ መሐል ሁመድ የደስታን ትከሻ ነካና አስቆመው። አንድ ሽማግሌ ግመሎቹን እየነዳ ወደ እኛ ይመጣ ነበር። የአፋር ሰው መንገድ ላይ ሰው ካገኘ ዝም ብሎ አያልፍም። ይቆማል፣ ይቀመጣል፣ ያየውንና የሰማውን ሁሉ ይናገራል። ሌላው ሳያቋርጥ ያዳምጣል፤ ከዚያ ተራው የእሱ ይሆናል። ይህን ዳጉ ይሉታል። በዳጉ መዋሸትም መደበቅም ትልቅ ነውር ነው። በመኪና ስንሄድም መቆም አለብን ወይ ብዬ ሁመድን ጠየቅኩት።

«መኪና ላይ ያለውም ሰው ነው» አለኝ።

ደስታ ከገንዳው ሥር ገብቶ አንድ ነገር ማጥበቅ ያዘ። ሽማግሌው ስለ ዝናቡ፣ ስለ ግጦሹ፣ ስለ አንዲት ግመል መውለድና ስለ አንድ ሰው ጋብቻ ረጋ ብሎ ተናገረ። ሁመድ ተረጎመልኝ። ቀጥሎ ሽማግሌው ወደ እኔ ዞረና ጠበቀ። ልጆቼን ሐቅ ተናገሩ እያልኩ ያሳደግኩ ሰው ነኝ፤ ይህ ሥርዓት ልቤን ነካው። ስሜን፣ አገሬን፣ ልጄን፣ የመጣሁበትን ጉዳይ ነገርኩት። ቀበቶዬ ውስጥ ያለውንም ብር ከነቁጥሩ ተናገርኩ። ሁመድ ከመተርጎሙ በፊት ትንሽ ረዘም አድርጎ አየኝ፤ ግን ተረጎመው። ሽማግሌው ራሱን ነቀነቀ፣ መርቆኝ ሄደ።

እንዲህ በየመንገዱ እየቆምን አንድ ቀን ሊፈጅ የሚገባው መንገድ ሁለት ቀን ፈጀብን። አሳይታ አደርን።

አፋምቦ

በማግስቱ ውሃው ጋ ደረስን። መንገዱ እንደ ተቆረጠ ገመድ ውሃው ውስጥ ገብቶ ይጠፋል። ከዚያ ወዲያ ቡናማ ሰማይ መሬት ላይ የተዘረጋ ይመስላል፤ የግራር ጫፎች ብቻ ይታያሉ። ደስታ አልቆመም። ገንዳው ገባ፣ ትንሽ ጠለቀ፣ ከዚያ ተንሳፈፈ። የጎማዎቹ መሽከርከር ውሃውን በቀስታ ይገፋው ጀመር። የሞተሩ ድምፅ ለሰለሰ። ነጫጭ ወፎች ሳይበረግጉ መንገድ ለቀቁልን። እጄን ወደ ውሃው ሰደድኩት፤ ለብ ያለ ነበር። የግራሮቹ ጥላ በላያችን ያልፋል፣ ጊዜ የቆመ ይመስላል። በዚያች ሰዓት ደስታ አሥር ሺህ ቢለኝ ቤቴን ሸጬ እሰጠው ነበር።

ዘሃራ ማዶ ዳር ላይ ቆማ ትጠብቀኝ ነበር። መምጣቴን ጠዋት በዳጉ ሰምታለች። ከስታለች፣ ጠቁራለች፣ ግን ቀጥ ብላ ቆማለች። አልደብቅም፤ ዓይኔ እንባ አቀረረ።

ቤቷ ሻይና ቂጣ አቀረበችልኝና እስክጨርስ ጠበቀች።

«አባባ፣ ይህን ነገር ልትገዛው ነው?»

«ኢንሻ አላህ። ለንግድ ነው» አልኳት።

«ለንግድ ከሆነ መልካም። ለእኔ ከሆነ ግን ገንዘቡ የአጎቴና የእትዬ ጥሩነሽም ነው።»

ተቆጣሁ። ሐቅ ምን እንደሆነ ያስተማርኩሽ እኔ ነኝ አልኳት።

«አንተ ነህ። ለዚህ እኮ ነው የምነግርህ።»

ከዚያ ስለ ወባዋ አወራችኝ። መድኃኒቱን በግመል ያመጡላት የተማሪዎቿ አባቶች ናቸው። እኔ መንገዱ ባይቆረጥ እመጣ ነበር አልኳት። መንገዱ ያኔ እንዳልተቆረጠ፣ ጎርፉ የመጣው እሷ ከዳነች በኋላ እንደሆነ በለሰለሰ ድምፅ ነገረችኝ። «ደግሞስ ቀደም ብለህ ብትሰማ፣ ሱቅ ዘግተህ ትመጣ ነበር?»

 ሱቅ አይዘጋም የሚል ሰው መሆኔን ታውቃለች።

መልስ ጉዞ

ስንመለስ መጀመሪያ ያገኘነው ፍየል የሚነዳ ጎልማሳ ነው። ተቀመጥን። ደስታ አፋርኛ ይሰማል፤ እኔ ሁመድን እጠብቃለሁ። ጎልማሳው ብዙ ከተናገረ በኋላ፣ ከአዋሽ የመጣ አንድ አባት ልጁን ሊጠይቅና ገንዳውን ሊገዛ አምስት ሺህ አራት መቶ ብር ወገቡ ላይ አስሮ ወደ አፋምቦ አልፏል አለ። በክብር ነው የተናገረው። ደስታ ጢሙን እየዳሰሰ አዳመጠ።

ቀጥሎ ያገኘናት ሰሌን የጫነች አሮጊት ናት። እሷ ደግሞ ገንዳው ባለፈው ዓመት አፋምቦ ሐይቅ ዳር ጎማዎቹን የሚያዞረው ሰንሰለት ተበጥሶ ጭቃ ውስጥ መቅረቱን፣ በግመሎች ተጎትቶ መውጣቱን፣ ሰንሰለቱ በሽቦ ታስሮ ቀለም መቀባቱን ነገረችን። ሁመድ ያንንም ልክ እንደ መጀመሪያው፣ ድምፁን ሳይለውጥ ተረጎመልኝ። እኔ ቀለሙን አየሁ። ደስታ ሰማዩን አየ። 

ሰመራ ስንደርስ ደስታ ሻይ አዘዘና የዋጋ ክርክር ገጠምን።

«አምስት ሺህ አራት መቶ ብር ነው» አለኝ።

«ቀበቶዬን ነው የምትሸጥልኝ ወይስ መኪናውን?»

«ጋሽ ይመር፣ እርስዎ ነዎት የተናገሩት። እኔ ወገብዎን አልዳሰስኩም።»

«ሰንሰለቱስ?»

የሻይ ብርጭቆውን አስቀመጠ። ከዚያ ሳቀ፤ እኔም አብሬው ሳቅኩ። «መለዋወጫው እዚህ አገር የለም» አለኝ። «እውነቱ ይኸው። ሦስት ሺህ ዘጠኝ መቶ ይስጡኝና ይውሰዱት። ከዚያ ወዲህ የለሁበትም።»

ዘመኔን ሁሉ ነግጃለሁ፤ ሻይ ሳይቀዘቅዝ ያለቀ ሙግት ግን ያ ብቻ ነው። ሁለታችንም የምንደብቀው አልነበረንም። ዋጋው ተገቢ ነበር። እጄ ወደ ቀበቶዬ ሄደ። ያ ለብ ያለ ውሃ፣ እነዚያ ነጫጭ ወፎች ዓይኔ ላይ ነበሩ። ለዚህም ነው እጄን የመለስኩት። ይህን ያህል የፈለግኩትን ነገር በሰው ገንዘብ ለመዳኘት እኔ ትክክለኛ ሰው አይደለሁም። ሸሪኮቼን ላማክር አልኩት። እስከ መስከረም ማለቂያ ሊጠብቀኝ ቃል ገባልኝ።

አዋሽ

እትዬ ጥሩነሽ ቤት ሦስታችን ተቀመጥን። ቀበቶውን ፈትቼ መሐላችን አኖርኩና ያየሁትን ሁሉ ተናገርኩ፤ ውሃውን፣ ሰንሰለቱን፣ ዋጋውን፣ ብሩን ለመንገደኛ መንገሬን፣ መጨረሻ ላይም የልጄን ነገር። እንድሪስ መሐል ላይ ሊገባ ሲል ተራህን ጠብቅ አልኩት።

ተራው ሲደርስ የቆዳውን ሒሳብ አሰላ፤ በሽቦ የታሰረ ሰንሰለት ሁለት ክረምት እንደማያልፍ፣ ገንዘባችንም በሁለት ክረምት እንደማይመለስ አሳየን። እትዬ ጥሩነሽ ግን ሒሳቡን አልሰማችም፤ እኔን ነበር የምታየው።

«ይመር፣ አንተ መኪና አይደለም ያጣኸው» አለችኝ። «መኪና በየቀኑ በደጄ ያልፋል፣ ግመልም አለ። የጎደለህ ሱቅህን የሚይዝልህ ሰው ነው። እኛን ለምን አልጠየቅኸንም?»

እንድሪስ ሳቀና የሱቁን ቁልፍ አምጣ አለኝ። እኔ ልጄ ጋ ስወርድ ሱቁን ጥር ላይ እሱ ይይዘዋል፣ ጎርፉ ሳይመጣ ሰኔ ላይ እሷ። መኪናውን ትተን ገንዘቡን ለየባለቤቱ መለስን፤ ለደስታም እንደማንገዛው በሾፌር ላክንበት።

ሐቅ ዋጋ ያስከፍላል የሚሉ ሰዎች አሉ። እኔ ያየሁት ሐቅን አንዱ ብቻ ሲናገር እንደሚያስከፍል፣ ሁሉም ሲናገረው ግን ገበያውን እንደሚያሳጥር ነው። ደግሞም ሰው የራሱን ናፍቆት የሁሉም ጥቅም ነው ብሎ ማሰብ ከጀመረ፣ ቀበቶውን ለሌላ ሰው ያስይዝ።

የመንገዱን ወጪ ብቻዬን ልሸከም ብዬ ነበር፤ ሸሪኮቼ እምቢ አሉኝ። ምግብ፣ አልጋ፣ ጋቢና፣ የቤንዚኑ ግማሽ ተደምሮ አንድ መቶ ሃያ ስድስት ብር ሆነ። ለእያንዳንዳችን አርባ ሁለት ብር ደረሰን።