ከወንበሩ ጀርባ ያለው ከበሮ

በ1999 ዓ.ም. ጥር ወር፣ ቅዳሜ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ወላይታ ሶዶ ውስጥ አንድ ባለአሥር ኢንች ሰብውፈር፣ የወፍራም ድምፅ ስፒከር፣ ከፒክአፔ ወንበር ጀርባ ተገጠመ። ፒክአፑ ሲንግል ካቢን ነው። ከገጠመው ሰው ሌላ በቦታው የነበርኩት እኔ ብቻ ነኝ።

ነገሩ የተጀመረው ግን ከዚያ በፊት፣ በቆሎ በሚሰበሰብበት ሰሞን፣ ከሶዶ በታች ባለችው በተበላ ከተማ መናኸሪያ ነው።

እናቴ የምትኖረው ተበላ ነው። አባቴ ከሞተ በኋላ ሶዶ እኔ ዘንድ እንድትመጣ ደጋግሜ ጠይቄያት ነበር። «ማንጎዬን ለማን ትቼ?» ትላለች። ሌላ መልስ ሰጥታኝ አታውቅም። ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሶዶ ወርጄ አሳፍራታለሁ፤ ወደ ቆላው ጥቂት ነድተን፣ ጥላ ያለበት ዛፍ ሥር ቆም ብለን እንመለሳለን። ጆሮዋ የደከመው ቀስ በቀስ ነው። መጀመሪያ የወፍ ድምፅ ቀረባት፤ ቀጥሎ የሕፃናት፤ ቀጥሎ የሴቶች። የእኔ ድምፅ ጥቂት ቆየ፤ በኋላ እሱም ሄደ። ጆሮዋ ሥር ተጠግቼ በወላይትኛ ከጮህኩ ትሰማኛለች። እየነዱ ግን ያ አይሆንም። ስለዚህ በመንገዱ ሁሉ አንነጋገርም ነበር። እሷ በመስኮት ታያለች፤ እኔ መንገዱን አያለሁ።

ሥራዬ የሬዲዮ ዜና ነው። ከወረዳዎቹ የሰበሰብኩትን በስልክ አነብባለሁ፤ ሲመሽ የተከራየሁት ክፍል ውስጥ ተቀምጬ ራሴን አዳምጣለሁ። አባቴ በሕይወት ሳለ አንድም ዜናዬ አያመልጠውም ነበር። እናቴም አጠገቡ ሆና ትሰማ ነበር። በዚያ ዓመት ግን ከቤተሰቤ የሚሰማኝ ሰው አልነበረም።

በዚያ የበቆሎ ሰሞን አንድ ቅዳሜ መናኸሪያው በር ላይ መንገድ ተዘጋግቶ ቆምን። ከጎናችን ሙዚቃውን የለቀቀ ሚኒባስ ቆሞ ነበር፤ የፒክአፑ መስታወት ይንቀጠቀጣል። እናቴ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። ዞር ብላ አየችኝ።

«ማነው የሚመታው?» አለች።

ሚኒባሱን በጣት አሳየኋት። ሚኒባሱ እስኪሄድ ድረስ እጇን ከደረቷ አላነሳችም።

አባቴ የተበላ ቤተ ክርስቲያን ኳየር፣ የመዘምራኑ ቡድን፣ ከበሮ መቺ ነበር። መንግሥት በተለወጠ ማግሥት፣ ተዘግተው የነበሩት አብያተ ክርስቲያናት ሲከፈቱ፣ ኳየሩ ሶዶ መጥቶ አንድ ካሴት ቀድቷል። አንዱ ቅጂ በእኔ እጅ ነበር። በቤታችን ግን ተከፍቶ ሰምቼው አላውቅም። ቴፑ ነበረ፤ አባቴ የባትሪ ድንጋዩን ለዜና እየቆጠበው ይመስለኝ ነበር። በፒክአፑ ቴፕ ስከፍተው የዘማሪዎቹ ድምፅ ይወጣል፤ የከበሮው ቦታ ላይ የሚሰማው ግን ጣት በሳጥን ላይ እንደማንኳኳት ያለ ነገር ነው። የበሩ ስፒከሮች ትንንሽ ናቸው፤ ወፍራሙን ድምፅ መሸከም አይችሉም። እናቴ የአባቴን ከበሮ በጆሮዋ መስማት ካልቻለች በጀርባዋ ትሰማዋለች ብዬ አሰብኩ። የፈለግሁት ይህን ብቻ ነው።

ስለ ድምፅ ዕቃ የማውቀው አልነበረም። እንደማንኛውም ዜና ሰው በመጠየቅ ጀመርኩ። የመጀመሪያው ምንጬ የሶዶ–ተበላ መስመር የሚኒባስ ሹፌር ነበር፤ ያ መስታወታችንን ያንቀጠቀጠው ሰውዬ ራሱ።

«ጋዜጠኛው!» አለኝ፤ «ሁለት ባለአሥራ ሁለት ገዝተህ ጭነቱ ላይ ቀጥ አድርጋቸው። አንተ ገና ሶዶ ስትነሳ ተበላ ያውቃል።»

«ተበላን አይደለም የማሰማው። አጠገቤ የሚቀመጥ ሰው ነው።»

«አጠገብህ ማን አለና?» ብሎ ሳቀ። ረዳቱም ሳቀ።

ለነገሩ ጥያቄው ትክክል ነበር። ከቅዳሜ በቀር በዚያ ወንበር ላይ የሚቀመጠው የመቅረጸ ድምፅ ቦርሳዬ ነው።

ሁለተኛው ምንጬ ስፒከር ገጣሚው ነው። አባቱ ከጉራጌ አገር መጥተው ሶዶ ሱቅ የከፈቱ፣ እሱ ደግሞ የመኪና ኤሌክትሪክ የተማረ፣ ቀልድ የማይለየው ሰው ነው።

«ጋሼ፣ ለሰርግ ነው?» አለኝ።

«ለእናቴ ነው።»

ሽቦ የሚልጥበትን ጉጠት አስቀመጠ። «እናትዎ ዲጄ ናቸው እንዴ?»

ጆሮዋ እንደማይሰማ ነገርኩት። ካሴቱንም ነገርኩት። ከዚያ በኋላ አልቀለደም፤ መለኪያ አምጥቶ ከወንበሩ ጀርባ ገባ። በሲንግል ካቢን ውስጥ በወንበሩና በኋላው ቆርቆሮ መካከል ያለው ቦታ ጠባብ ነው፤ ክሪክና ጎማ መፍቻ ይቀመጥበታል። ወንበሩን ወደፊት ብንገፋው የእኔ ጉልበት መሪውን ይነካል። ጭነቱ ላይ ቢሆን ዝናብ ያበላሸዋል፤ ድምፁም ወደ ውጭ ይበተናል። የተሳፋሪው እግር ሥር ቢሆን እናቴ እግሯን የምታሳርፍበት ታጣለች። ክሪኩ ወደ ጭነቱ ተዛወረ፤ ለቀጭን የስፒከር ሳጥን የሚበቃ ቦታ ተገኘ።

ዕቅዱን በዚያው በመኪናው ኮፈን ላይ ተደግፈን አወጣነው። ሚኒባሶቹ የሚያሠሩት ሳጥን ቀዳዳ አለው፤ ከሩቅ ያጓራል፣ አንዱ ምት ከሌላው ጋር ይቀላቀላል። ለእኔ የሚሆነው ጥርቅም ብሎ የተዘጋ ሳጥን ነው፤ ድምፁ ያነሰ ቢሆንም እያንዳንዱ ምት ለብቻው ይሰማል። ሳጥኑ ከወፍራም ኮምፔንሳቶ ይሠራል፤ መጋጠሚያው በሲሊኮን ይደፈናል። አንድ መካከለኛ አምፕሊፋየር ይበቃል። የኃይሉ ሽቦ ቀጥታ ከባትሪው ይመጣል፤ ከባትሪው እንደወጣ ፊውዝ ይገባለታል። «ብዙ ሰው ስፒከሩን አሳምሮ ይገዛና ሽቦው ላይ ይሰስታል» አለኝ፤ «ከዚያ ሽቦው ይግላል፤ መኪናው ይቃጠላል፤ ሰይጣን ነው ይባላል።»

ሳጥኑን አናጺ ሠራው። በሞኬት ምንጣፍ ተለበሰ። በዚያ የጥር ቅዳሜ ጠዋት ሁሉም ቦታውን ያዘ። ገጣሚው ካሴቱን ከፍቶ አንዷን ቁልፍ ቀስ አድርጎ አዞረ። የዘማሪዎቹ ድምፅ ከበሩ እንደወትሮው ወጣ፤ ከጀርባዬ ግን ያልነበረ ነገር መጣ። ከበሮው ነበር። ገጣሚው ወንበሩን በመዳፉ እየነካ ጥቂት ቆመ።

«ይሰማቸዋል» አለ። «ቁልፏን ግን ከዚህ እንዳያሳልፉ።»

ከቀኑ ስድስት ሰዓት ገደማ ተበላ ደረስኩ። እናቴ በር ላይ ጠበቀችኝ፤ ነጠላዋን አስተካክላ ገባች። ምንም አልነገርኳትም። ከተማውን ወጥተን ጥርጊያው መንገድ ሳይጀምር ዳር ይዤ ቆምኩ፤ ሞተሩን አጠፋሁ፤ ካሴቱን ከፈትኩ።

የመጀመሪያው ምት ሲመጣ ከወንበሩ ተነጠለች። ዞራ ጀርባውን አየች። ከዚያ መልሳ ተደገፈች፤ ዓይኖቿን ጨፈነች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ መዝሙሩን ታውቀዋለች። አንዱ መዝሙር አለቀ፤ ሁለተኛው ተጀመረ። እኔ ፊቷን ነበር የማየው።

ዓይኗን ገለጠች።

«ይሄ አባትህ አይደለም» አለች።

ጆሮዋ ሥር ተጠግቼ፣ የእሱ ኳየር ነው፣ ካሴቱ የእነሱ ነው ብዬ ጮህኩ።

«ኳየሩማ የእነሱ ነው። የሚመታው ሌላ ሰው ነው። ይሄ ሰው አይጠብቅም።»

«ምኑን?»

ወደ መስኮቱ ዞረች። ሰምታኝ እንደሆነም አላወቅሁም። ካሴቱን ዘጋሁት። ወደ ቆላው ሳንወርድ ተመለስን። ማንጎ በፌስታል ሰጥታኝ ገባች፤ ወደ ሶዶ ስወጣ ማንጎው ባዶው ወንበር ላይ ነበር።

ከዚያ ኳየር ሶዶ ውስጥ የቀሩት አንድ ሽማግሌ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ መምህር። ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ቤታቸው ሄድኩ። የጠየቅኋቸው አንድ ነገር ነው፤ ካሴቱ ሲቀዳ ከበሮውን ማን መታ?

መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። «እናትህ ነገረችህ?»

«አባቴ አይደለም አለች።»

«አልተሳሳተችም። ልጄ፣ አባትህ ይዘገይ ነበር። ይዘገያል ስልህ አያውቅም ማለቴ አይደለም። በጉባኤ ውስጥ አሮጊቶች አሉ፤ የስንኙ መጨረሻ ላይ ትንፋሽ ያጥራቸዋል። አባትህ እነሱ እስኪተነፍሱ ይጠብቅና ነው የመጨረሻዋን ምት የሚመታው። ሁላችንም በእሱ ለምደናል። ካሴቱን የቀዳው ሰው ግን ከሌላ አገር የመጣ ነው። አሮጊቶቹም እዚያ አልነበሩም። ‹ሰውዬው ወደ ኋላ ይጎትተናል› አለ። ከሶዶ ኳየር አንድ ወጣት ተጠራ፤ እሱ መታ።»

«አባቴስ ወጣ?»

«የት ይወጣል? ከበሮው የእሱ ነው። ማይኩ አንድ ብቻ ስለነበረ ከበሮውን፣ ድምፃችንን እንዳይውጥ፣ ከሁላችን አርቀው በሩ አጠገብ በርጩማ ላይ አስቀመጡት። ወለሉ ሲሚንቶ ነው፤ በርጩማው ይንሸራተታል። አባትህ ተንበርክኮ በሁለት እጁ ያዘው። እስከ መጨረሻው እንደያዘ ነው የተቀዳው።»

አንድ ምንጭ አይበቃኝም። ያ ወጣት አሁን ዲምቱ ከተማ እህል እንደሚነግድ ሽማግሌው ነግረውኝ ነበር። ሐሙስ ሄድኩ። መጋዘኑ በር ላይ ከጆንያ ጀርባ አገኘሁት፤ ጸጉሩ መሸበት ጀምሯል። የአባቴን ስም ስጠራ ወዲያው አወቀው።

«ከበሮውን አቅፎት ነበር» አለ። «ጣቶቹ ጠርዙ ላይ ነበሩ። እንዳልመታቸው እየፈራሁ ነው የመታሁት። ሲያልቅ ‹ጎበዝ› አለኝ፤ ከበሮውን በትከሻው አንግቶ ሄደ። ለምን ጠየቅኸኝ?»

ለእናቴ ነው አልኩት። ጆንያው ላይ እንድቀመጥ ጋበዘኝ፤ ጥቂት ተቀመጥኩ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ተበላ ደርሼ፣ ግቢ ውስጥ ማንጎው ሥር፣ ጆሮዋ ሥር ተጠግቼ የሰማሁትን ሁሉ ነገርኳት። ቀጂው ያለውን፣ በርጩማውን፣ ሲሚንቶውን። ተንበርክኮ ነበር ያልኩትን አልሰማችኝም መሰለኝ፤ ስለዚህ መሬት ላይ ተንበርክኬ፣ ክንዶቼን ክብ አድርጌ አሳየኋት። ጎረቤታችን ከአጥሩ ማዶ ቆማ ታየኝ ነበር።

እናቴ ጉልበቴን አየች።

«ያን ቀን ጉልበቱ ቆስሎ መጣ» አለች። «ወደቅሁ አለኝ።»

ከዚያ ተነስታ ቀድማኝ ወደ መኪናው ሄደች። በሩን ራሷ ከፈተች፤ ገብታ ጀርባዋን ወንበሩ ላይ አስደገፈች።

«ክፈተው» አለች።

ካሴቱን ከፈትኩ፤ ወደ ቆላው መንዳት ጀመርን። መዝሙሩ የመጀመሪያው ስንኝ መጨረሻ ሲደርስ ከበሮው ከወንበሩ ጀርባ መታ። እናቴ ቀኝ እጇን ዳሽቦርዱ ላይ አድርጋ ነበር። ከበሮው ከመታ በኋላ አንዲት ትንፋሽ ቆይታ በመዳፏ መታች። በሁለተኛው ስንኝ መጨረሻም እንዲሁ አደረገች፤ በሦስተኛውም። አንደኛው ገጽ ሲያልቅ ካሴቱን ገለበጥኩት።