እሑድን ያልቆጠረው ዌሰል

ጎረቤቴ ዌሰል ሃምሳ ዘጠኝ ላም ያልባል፣ ሁለት ሴት ልጆች ድሯል፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሦስተኛው ወንበር ላይ እንደ ችካል ተተክሎ ስብከት ይሰማል። ከዚህ ሁሉ ጨዋነት ጎን ግን አንድ እብደት አለው። ሞተር ይወዳል።

ሞተሩ ድሮ በፖላንድ እርሻ ላይ ፀረ ተባይ ይረጭ የነበረ አውሮፕላን ልብ ነው። አውሮፕላኑ ጡረታ ሲወጣ አካሉ ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠ፤ ልቡን ዌሰል ገዝቶ አመጣና ለጉተታ ውድድር በሠራው ትራክተር ላይ ሰካው። ዘጠኙ ሲሊንደሮች እንደ ሱፍ አበባ በክብ ተደርድረዋል። ሲነሣ መጀመሪያ ያስለዋል፣ ቀጥሎ ሰማያዊ ጭስ ይተፋል፣ ከዚያ የመንደሩን መስኮት ሁሉ ያንቀጠቅጣል። በዚህ የተነሣ ዌሰል በአማቱ ስም ትሩስ አላት። አማቱ ሁለት ክረምት ሙሉ አላነጋገረችውም፤ እሱም ዕረፍት አገኘሁ ብሎ ተጽናና።

እኔ ወተት ጫኝ ሾፌር ነኝ፤ ቢሆንም ያንን ድምፅ ስሰማ ሆዴ ይባባል። አንድ ቀን መሪዬን እንደያዝኩ እንዲህ ብዬ አንጎራጎርኩ፦

ሰማይ የለመደ ጭቃ ላይ ቢጥሉት፣
ምድሩን ይዞ ጮኸ ክንፉን ቢነጥቁት።

ለዌሰል ሚስት ለገርዲን ባዜምላት ጥጆቹስ የት ይደሩ አለችኝ። እውነቷን ነው። ከግቢው ሁሉ ደረቁ ጎተራ የትሩስ ነው፤ ጥጆቹ እርጥቡ ውስጥ ሲያስሉ ያድራሉ። ስለዚህ በዚህ ጸደይ ነገሩን ቆረጠችው። ትሩስ በበዓለ ሃምሳ ውድድር መቶውን ሜትር ከጎተተች ትኖራለች፤ ካልጎተተች ትሸጣለች። ዌሰል እጁን ዘረጋ፣ ገርዲን መዳፉን መታችው። እኛ ዘንድ መዳፍ ከተመታ በኋላ ወደ ኋላ የለም።

መቶ ሜትር ሲሉት ቅርብ ይመስላል። ነገር ግን ትራክተሩ የሚጎትተው ከባድ ተሳቢ በተራመደ ቁጥር በላዩ ያለው ጭነት ወደ ፊት እየተንሸራተተ መሬቱን ይነክሳል። አብዛኛው ሰው በጎማው ጉድጓድ ቆፍሮ መንገድ ላይ ይቀራል።

ውድድሩ ቅዳሜ ነበር። ዝናቡ ሜዳውን ገንፎ አደረገውና ወደ ሰኞ ተዛወረ፤ ሰኞም በዓል ነው። መሃል ላይ እሑድ አለ። በመንደራችን እሑድ ልብስ እንኳ አይሰጣም፤ ብሎን የነካማ ስሙ እስከ ገና ይነሣል።

የትሩስ ዓይነት ሞተር ደግሞ ከቆመ ዘይቱ እየተንጠባጠበ ታች ያሉት ሦስት ሲሊንደሮች ውስጥ ይጠራቀማል። በዚያ ላይ ቢያስነሡት ፒስተኑ ዘይቱን ይገጫል፣ ፒስተኑን የያዘው ዘንግ፣ ቢየላው፣ ይጣመማል፣ ሞተሩም አበቃለት። ዌሰል በየማታው በብረት ማዞሪያ ያዞራታል፤ አንድ ቀን ካለፋት እሳት የሚጭሩትን የታችኞቹን ካንዴላዎች ፈትቶ ዘይቱን ያፈሳል። በሰባት ዓመት አንድ የሥራ ቀን አልረሳም፤ ውድድርም ሰኞ ውሎ አያውቅም። ግን ለዌሰል እሑድ የማይሠራበት ብቻ ሳይሆን የማይቆጠርም ቀን ነው። ሰኞ ጠዋት ከእንቅልፉ ሲነሣ በልቡ ትናንት ቅዳሜ ነው፤ ትሩስን ያዞራትም ትናንት ነው።

ሜዳው ላይ ዌሰል መጨረሻ ተጠራ። የተጠራ ሰው በአምስት ደቂቃ ውስጥ ካላስነሣ ይሰረዛል። ዌሰል የራስ ቁሩን አጥልቆ ወጣ። ገርዲን ጥቁር የቤተ ክርስቲያን ካፖርቷን ለብሳ ተመልካቹን ከሚከልለው ገመድ ሥር አጠገቤ ቆማ የተጠበሰ ድንች ትበላለች። ድንገት ማኘኳን አቆመችና ካንዴላውን ሲፈታ አይተኸዋል አለችኝ። አላየሁም አልኳት። እሷ ዝም ብትል ጎተራው የጥጆቹ ነው። አንዲቷን ድንች ይዛ ቆየች፤ ፊቷ ላይ ጥጆቹ አንድ በአንድ ሲያልፉ ያየሁ መሰለኝ።

ከዚያ ጮኸች። «ዌሰል! ዘይቱን አላፈሰስክም!»

ጣቱን ከማስነሻው፣ ከሞተሪኖው ቁልፍ ላይ አነሣ። «ትናንት አዙሬያታለሁ እኮ።»

«ትናንት እሑድ ነበር፣ አንተ ደንቆሮ።»

የዌሰል ፊት ወተት መሰለ። ገርዲን ድንቹን እኔ እጅ ላይ ጥላ ገመዱን ተሻገረች። ካንዴላዎቹ ሲፈቱ ዘይቱ በካፖርቷ ላይ ፈሰሰ፤ ባልና ሚስት ማዞሪያውን ተጋግዘው አዞሩ። በድምፅ ማጉያው የሚያወራው ሰውዬ እመት ገርዲን በዓሉን ቅባት ተቀብተው አከበሩት እያለ ሕዝቡን ያስቃል። ካንዴላዎቹ ተመልሰው ሲታሰሩ አርባ ሰከንድ ቀርቷል።

ትሩስ አሳላት፣ ተፋች፣ አገሳች። እንባዬ መጣ፤ ጭሱ ነው አልኩ። ተሳቢውን እየጎተተች ሰማንያ ሜትርን አለፈች፣ ዘጠናን አለፈች፣ ዘጠና ስድስት ላይ ጎማዋ አፈር ቆፍሮ ቆመች።

ዌሰል ወርዶ ሰበብ አልፈጠረም። ማታ የአተር ሾርባ ላይ ግን ስለ ዘይቱ ለምን እንደነገረችው ጠየቃት።

«የተሰበረ ሞተር ማን ይገዛል?» አለችው።

የሽያጩን ማስታወቂያ ራሷ አወጣች። መጀመሪያ አንድ ዴንማርካዊ ተሳቢ ይዞ መጣ። ዌሰል ማየት አልቻለም፤ ላሞቹ ዘንድ ሄደ። እኔ ወተት እየጫንኩ ነበር። ገርዲን ሰውየውን፣ ሞተሩን ሊያስነሡ ሲሉ መጀመሪያ ምን ያደርጋሉ ብላ ጠየቀችው። ስቆ ሞተሪኖውን እጫናለሁ አላት።

«ለእርስዎ አትሆንም» አለችና የጎተራውን በር ዘጋች።

ሁለት ሌሎች መጡ፤ ሁለቱም እንዲሁ ተመለሱ። ለዌሰል በየጊዜው ቃል ቃል ነው፣ የሚገባት ሰው ሲመጣ ትሸጣለች ትለዋለች። አራተኛው፣ ከዝዎለ ከተማ የመጣው ሰው፣ ስለ ካንዴላውም ስለ ዘይቱም በትክክል መለሰ። ገርዲን ከላይ እስከ ታች አየችው፣ ትንሽ አሰበች፣ ከዚያም ጫማው ከመጠን በላይ ንጹሕ ነው ብላ ሸኘችው።