ወንበር ያላት ታንኳ

ስሙኝማ! ሥራችሁን አንድ አፍታ ተዉትና ይችን ስሙኝ። ባለፈው ቅዳሜ ዳንግላ ላይ ጆንያ አራግፌ ላቤን እየጠረግሁ ሳልፍ፣ የራሰ ዋንዛ ሽታ መጥቶ አፍንጫዬ ላይ ቆመ። እርጥብ እንጨት ብቻ አይደለም፤ ውስጡ ጭቃ አለው፣ የዓሣ ቅርፊት አለው፣ ፀሐይ የመታው ገመድ አለው። ከየት እንደመጣ ኋላ እነግራችኋለሁ። ብቻ ያ ሽታ ጎትቶ ወስዶ፣ ጆንያውንም ገበያውንም አስረስቶ፣ ቅልቲ ወንዝ ዳር በልጅነቴ ቦታ ላይ አስቀመጠኝ። እኔ አፌ እንጂ እንባዬ ፈጣን አይደለም። ያን ቀን ግን እንባዬ አፌን ቀደመው።

ባሕር አይቼ አላውቅም። እኛ ግን ቅልቲ ተጠምዝዞ የሚተኛበትን፣ ውሃው ሰፍቶና ጠቁሮ ዝም የሚልበትን ቦታ «ባሕሩ» እንለው ነበር። ዳሩን ቁጥቋጦ ስለወረሰው ከዳር ሆኖ መንጠቆ የሚጥል ሰው ዓሣ ሳይሆን ቅርንጫፍ ነበር የሚያጠምደው። ትልልቆቹ ዓሦች መሃል ላይ ናቸው፤ መሃል ለመግባት ደግሞ ታንኳ ያስፈልጋል። በኛ አገር ደግሞ ሰው ሁሉ ፈረስ አለው እንጂ ታንኳ ያለው ማን ነበር?

አባዬ ራሱ ፈረሰኛ ነበር። እኔ ገና ጡት ሳልጥል በጥምቀት ጉግስ ላይ ፈረሱ ተደናቅፎ ጣለውና ዳሌው ተሰበረ፣ ወጌሻው አሽቶ አሽቶ ሲያቅተው ተወው፣ ከዚያ ወዲህ ቀኝ እግሩ እንደ እንጨት ተገትሮ ቀረ። ሞፈርና ቀንበሩን ሰቀለ፤ መሬታችንን የእኩል አራሽ ያዘው። ከሁሉ የባሰው ግን መቀመጥ ነበር። በርጩማ ላይ ዝቅ ማለት ስለማይችል፣ ሰርግም ሆነ ልቅሶ ቤት ሰው ሁሉ ተቀምጦ ሲያወጋ እሱ ምሰሶ ተደግፎ ይቆም ነበር። ቆሞ የሚያወራን ሰው ደግሞ ማን ልብ ብሎ ይሰማዋል? ሊሄድ እንዳሰበ ሰው ነበር የሚያዩት። ቀስ በቀስ ሰው ቤት መሄዱን ተወው፤ የኛን ቤት መቃን ተደግፎ መንገድ እያየ መዋል ጀመረ።

ከመቃኑ ያላቀቀው ጋሽ ዘለቀ ነው፤ እግዜር ይስጠው። ጋሽ ዘለቀ የትሬንታ ኳትሮ ጭነት መኪና ሾፌር ነበር፣ እህል ጭኖ ባሕር ዳር ይመላለስ ነበር፣ የዓሣ ማጥመድን አባዜ ከዚያ ነው ይዞት የመጣው። አንድ የጥቅምት ቅዳሜ፣ አደይ አበባው ገና ረግፎ ሳያልቅ፣ መኪናው ጥሩምባዋን እያንባረቀች ስትገባ ከጭነቱ በላይ የደንገል ታንኳ ታስራ፣ አፍንጫዋን ወደ ሰማይ ቀስራ አየን። ገበያተኛው ዕቃውን ጥሎ ከበባት።

«ዘለቀ፣ የማንን ቤት ክዳን ነቅለህ መጣህ?» አለ አንዱ።

«ታንኳ ናት!»

«ታንኳዋን መኪና ከተሸከማት፣ እሷ ደግሞ ምን ልትሸከም ነው?»

«ውበቱን» አለ ጋሽ ዘለቀ፣ በጣቱ አባዬን እያሳየ። «ታንኳ ላይ የሚቀመጡት እግር ዘርግቶ ነው። የሱ እግር ድሮም ተዘርግቶልሃል፤ የሚያስቸግረው ያንተ የታጠፈው ነው!»

ሰዉ ሳቀ። አባዬ አልሳቀም፤ ታንኳዋን ትክ ብሎ ያያት ነበር።

በዚያው ሰሞን አራት ሆነው የዓሣ ማኅበር መሠረቱ። አባዬ አለ፣ ጋሽ ዘለቀ አለ፣ ሦስት ፈረስ ያለው ጎረቤታችን አያ ፈንታ አለ፣ ከቆሰበር በኩል የመጣው ገንዳ ጠራቢው አያ ጀምበሬ አለ። አያ ጀምበሬ አማርኛውን ቆጥቦ ነበር የሚናገረው፤ ሲናደድ ግን አገውኛው እንደ ክረምት ጎርፍ ነበር። የሚያውቁት ማኅበር የጽዋ ማኅበር ስለሆነ ሕጉን ከዚያው ቀዱት። ጽዋው ከቤት ቤት እንደሚዞር ታንኳዋም ከቤት ቤት ትዞር ነበር። ደንገል ውሃ ስለሚጠጣ ከወንዝ በወጣች ቁጥር ግቢ ውስጥ ቀጥ ብላ ቆማ መድረቅ አለባት፤ ተረኛው በሩ ላይ ያቆማታል። ሁለተኛው ሕግ የአባዬ ነበር፤ የዓመቱ የመጀመሪያ ዓሣ ለአጥማጁ ቤት አይገባም፣ ማኅበሩን ከሁሉ አብልጦ ለሰደበ ሰው ቤት ነው የሚሰጠው።

የዚያን ዓመት ያለ ተወዳዳሪ ያሸነፈችው እቴ ደብሬ ናት፤ ጎረቤታችን። በአጥር በላይ አንገቷን አስግጋ እማዬን «እንግዲህ አንቺም ዓሣ በላ ልትሆኚ ነው? ከእንቁራሪት ጋር ጉርብትና ማለት ነው!» ስትላት እኔ በአጥሩ ቀዳዳ ስድቧን እመልስላት ነበር፣ እማዬም ጆሮዬን ትጠመዝዘኝ ነበር። የመጀመሪያውን ዓሣ ይዤ የሄድሁት እኔው ነኝ።

«ምንድን ነው እሱ?» አለችኝ።

«የስድብዎ ደሞዝ።»

«አፍህ ይቆረጥ! ... ቅርፊት አለው?»

«አለው።»

«አምባዛ አይደለማ?»

«አይደለም አልኩዎት!»

«በል ከበሩ ጀርባ አስቀምጠው፤ ሰው ሳያይህ ውጣ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስድቧ ቀነሰ፣ በዓሣ ቀን ደግሞ ጓሯችን ላይ የጠፋች ዶሮ ፍለጋ መምጣት አበዛች። ዶሮ እንኳ አልነበራትም።

አባዬ ታንኳ ላይ ሲቀመጥ ያየሁበትን ቀን አልረሳውም። ከቆሰበር የመጣ ረጅም ቀርከሃ ይዞ፣ ሲባጎውን ውሃ ላይ ጥሎ፣ የደረቀ እግሩን ዘርግቶ፣ ሌሎቹም ዘርግተው። ለካ ውሃ ላይ ሁሉም ሰው እኩል ነው የሚቀመጠው። እሱ ሲያወራ ይሰሙት ነበር፣ እሱም ይሰማ ነበር፤ ከዳር ሆኜ የአባዬን ሳቅ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲረዝም ሰማሁት።

ታኅሣሥ ገባና ተራው የአያ ፈንታ ሆነ። ቅዳሜ ነው፤ አያ ፈንታ ታንኳዋን ግቢው ውስጥ አጥር አስደግፎ አቁሞ ከነቤተሰቡ ገበያ ሄደ። ከሰዓት በኋላ ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ እኛ ቤት መጣ። ጋሽ ዘለቀም እዚያው ነበር።

«ወንድሞቼ፣ ያቺ ታንኳ ... ፈረሶቹ ...»

«ፈረሶቹ ምን?»

«ቀመሷት።»

«ቀመሷት?»

«እስከ ወገቧ።»

ጋሽ ዘለቀ ብድግ አለ። «አንተ ሰውዬ! ደንገል እኮ ሣር ነው! ሦስት ፈረስ የተፈታበት ግቢ ውስጥ ሣር ታቆማለህ?»

«አንተ ታንኳ ናት አልኸኝ እንጂ ሣር ናት አልኸኝ? በአባቴ አገር ታንኳ የሚበላ ፈረስ ሰምቼ አላውቅም!»

እኔ በሳቅ ፈረስሁ። አባዬም ሳቀ፤ «ፈረስ መጀመሪያ አንድ እግሬን ወሰደ፣ አሁን ደግሞ ሁለተኛውን በላው» አለ። ከዚያ ግን ሳቁን አቁሞ ተነሣና ሄዶ መቃኑን ተደገፈ። ያን ሰሞን ሁሉ ከዚያ መቃን አልተለየም። እማዬ ምሳ ስታቀርብለት ቆሞ ይበላ ነበር።

ይኼን ያየው አያ ጀምበሬ ነው። በጋው ሲበረታ፣ ጥምቀት አልፎ መንገዱ አቧራ ሲሆን፣ ትልቅ የዋንዛ ግንድ በበሬ አስጎትቶ ደጃችን ላይ ጣለ።

«ጀምበሬ፣ ታንኳ መሥራት ታውቃለህ እንዴ?» አለው አባዬ።

«ታንኳ አላውቅም፣ ገንዳ አውቃለሁ። ገንዳ ውሃ እንዳይወጣ፣ ታንኳ ውሃ እንዳይገባ። ሥራው አንድ ነው። ና ተኛበት።»

«ምን?»

«ግንዱ ላይ ተኛ አልሁህ!»

አባዬ በጀርባው ተጋደመ፣ አያ ጀምበሬ በከሰል ዳሌውንና ትከሻውን፣ የደረቀውን እግር ጭምር እንጨቱ ላይ ማስመር ጀመረ። ይኼኔ እማዬ ውሃ ቀድታ ስትመለስ ባሏ ግንድ ላይ ተዘርግቶ ሲለካ አየች፤ እንስራዋን አስቀምጣ ጮኸች። «ምነው ጀምበሬ! ነፍሱ ሳትወጣ ሳጥን ትለካለህ?» እቴ ደብሬ ጩኸቱን ሰምታ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለልቅሶ ደረሰች። ለቀስተኛዋን አባዬ ራሱ ከግንዱ ላይ ሆኖ «እንደምን ዋልሽ ደብሬ» ሲላት መሬት ላይ ቁጭ አለች።

መጥረቢያውና መሮው ከዚያ ቀን ጀምሮ ደጃችንን አላስተኙትም። ጋሽ ዘለቀ ከጫግኒ መልስ ይጠርብ ነበር፣ አያ ፈንታ ደግሞ ፈረሶቹን አርቆ አስሮ፣ ለካሣው ነው እያለ ከሁሉም በላይ ይለፋ ነበር። እኔ ፍልፋዩን እሰበስብ ነበር፤ ያ ሽታ ያኔ ነው አፍንጫዬ ውስጥ የገባው። ግንዱ እየተቦረቦረ ሲሄድ አያ ጀምበሬ ኋላ በኩል አንድ ቦታ ላይ ሳይቦረቡር ተወ። ከዚያው ከግንዱ ሳይለይ ከፍ ያለ መቀመጫ፣ ከኋላው ዘንበል ያለ መደገፊያ፣ ለቀኝ እግር ረዘም ያለ ቦይ አወጣለት። ሚስማር የለው፣ ማያያዣ የለው። ሌላ ሰው ቢቀመጥበት ይቆረቁራል፤ ለአባዬ ግን ልክ ነበር። «ይችን ፈረስ አይበላትም» አለ አያ ጀምበሬ።

ለሁዳዴ ውሃ ላይ ወረደች። ታንኳ ሳትሆን ገንዳ ናት እያለ የሳቀው ሁሉ ዳር ላይ ተሰልፎ ስትሰጥም ሊያይ ይጠብቅ ነበር። አልሰጠመችም። ትንሽ ውሃ ስለምታስገባ እኔ ከመሃል ተቀምጬ በቅል እየቀዳሁ እደፋ ነበር፤ አባዬ ከወንበሩ ላይ ሆኖ «ባሕሩን አጉድለህ ዓሣዎቹን እንዳታስፈራ» ይለኝ ነበር። በዚያ ጾም ጓዳችን ሽሮ ብቻ መሆኑ ቀረ። ዓሣ በሁዳዴ ይበላል አይበላም ብሎ የነፍስ አባታችንን የጠየቀ አልነበረም፣ እሳቸውም ሳይጠየቁ አይናገሩም ነበር።

ታንኳዋ ከባድ ስለሆነች ከቤት ቤት መዞሯ ቀረ። ክረምት ሲመጣና ቅልቲ ሲቆጣ፣ ጎርፍ ከማይደርስበት ሾላ ሥር ደፍተናት እንመለስ ነበር። መስከረም ሲጠባ አራቱ አዛውንቶች እንደ ልጅ እየተሽቀዳደሙ ሄደው ይገለብጧት ነበር። እንዲህ እያልን ብዙ ክረምት አወጣን፤ እኔም ፊደል ቆጠርሁ፣ ከክፍል ክፍል ተዛወርሁ። እየተሸጠ ደብተርና ቀለም ያስገዛልኝ ያ ዓሣ ነው፤ አባቴን ለሰው የመለሰልኝም እሱ ነው።

ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ፣ መስከረም ላይ ስንሄድ ወንዙ ዳር ታጥሯል። መሬቱ ለአንድ ሹም ተሰጥቶ ባሕር ዛፍ ተተክሎበታል፤ ሾላው ሥር ምንም የለም። ዘበኛው «በአጥሩ ውስጥ የተገኘ ሁሉ የጌታዬ ነው» አለን። አራቱም ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው ደጅ ሊጠኑ ሄዱ፤ እኔም ተከተልሁ። ሹሙ በረንዳው ላይ ወንበር ላይ ሆኖ እነሱን ግቢው ውስጥ አቆማቸው። አባዬ ሌላ ነገር አልጠየቀም። «ጌታዬ፣ ወንዙ ይሁንልዎ። እንጨቷን ብቻ ይስጡን። እኔ ሌላ የምቀመጥበት የለኝም» አለ።

ሹሙ ሳቀ። «ቤትህ በርጩማ የለም እንዴ?» አለና ገባ።

ከዚያ በኋላ ትምህርቱም ቀረብኝ፣ የጋሽ ዘለቀ መኪና ረዳት ሆንሁ። ደግነቱ ሦስቱ አልተለዩንም። እሑድ እሑድ ወደኛ ይመጡና፣ አባዬ መቃኑን ተደግፎ ስለሚቆም እነሱም አይቀመጡም፤ አራቱም ሽማግሌዎች ደጃፍ ላይ ቆመው ያወጋሉ። እማዬ በርጩማ ብታወጣም እሺ አይሏትም። ይኼን ሳይ ደረቴ ይሞላል። አገሬን ለመጥላት ሲዳዳኝ እነዚህ ሦስት ሰዎች አያስችሉኝም።

እንግዲህ ባለፈው ቅዳሜ የተከተልሁት ያ ሽታ የሹሙ በር ላይ አደረሰኝ። የሹሙ ፈረሶች ውሃ ይጠጣሉ። የሚጠጡበት ገንዳ ዋንዛ ነው፤ ውሃው ሞልቶ ከጫፉ ይፈሳል። በአንድ በኩል አንገታቸውን እየጠመዘዙ ነው የሚጠጡት፣ ምክንያቱም እዚያ ጋ አንድ ሳይቦረቦር የቀረ ነገር አለ፤ ከፍ ያለ፣ ከኋላው ዘንበል ያለ፣ ለቀኝ እግር ቦይ የወጣለት። ጠርቦ የሚያወጣው ሰው እንኳ አልፈለጉለትም።

እዚያ ቆሜ ብዙ አየሁ። ያኔ ፈረስ የበላብን ሣር ነበር፤ ባለ ፈረሱም ጋቢውን ተከናንቦ መጥቶ አፈረ፣ መጥረቢያ ይዞም ካሰ። አሁን ፈረሱ የሚጠጣው ከአባቴ ወንበር ነው፤ የሚያፍር ግን አላየሁም። እናንተ ወንዙን ያጠራችሁ፣ እናንተ ከበረንዳ ላይ ሆናችሁ ቆሞ በሚለምን የምትስቁ፦ ፈረሶቻችሁ ጠጥተው ጠገቡ፤ አባቴ የት ይቀመጥ?