ከሰማይ ላይ ያጸዳሁት እድፍ

ትናንት ጠዋት አንድ ትልቅ ፎቶ በካርቶን ጠቅልዬ፣ ባጃጅ ይዤ ትምህርት ቤት ሄድኩ። የጠራኝ የለም... በገዛ እጄ ላስረክብ ብዬ ነው።

ፎቶው የመምህርት አጁሉ ነው። ፊዚክስ ታስተምራለች። በጋውን ከከተማ ወጣ እያለች፣ መብራት በሌለበት፣ አንድ ሩቅ ጋላክሲ ደጋግማ ስታነሳ ከረመች። ያን ሁሉ ፎቶ ኮምፒውተር ላይ ደራርባ አንድ አደረገችውና አትምልኝ ብላ በፍላሽ አመጣችልኝ። ተማሪዎቿ «ከጋምቤላ ሆኖ ጋላክሲ?» ብለው ስቀውባታል። ክፍል ውስጥ እሰቅለዋለሁ ብላ ቃል ገብታላቸዋለች።

እኔ ፊደል ቆጥሬ እዚያው ያቆምኩ ነኝ፤ በፎቶ ግን የሚያርመኝ የለም። ከፊልም ዘመን ጀምሮ ከእኔ ፎቶ ቤት ብጉሩን ወይ ጠባሳውን ይዞ የወጣ ሰው የለም። የእሷን ስከፍተው ከዋክብቱ ጥርት ብለዋል... መሃሉ ላይ ግን ጭጋግ የመሰለ እድፍ አለ። ሌንሱን አልጠረገችውም አልኩና ቁጭ ብዬ አጠፋሁት። ቦታው እንኳ አያስታውቅም።

ክፍል ውስጥ ካርቶኑን ገለጥኩ። አጁሉ አየችው... ጠጋ ብላ ደግማ አየችው።

«አባባ፣ መሃል ላይ የነበረውስ?»

«አጸዳሁልሽ። ሌንስሽን ጥረጊ እንጂ ልጄ።»

ወደ ጆሮዬ ዘንበል አለች። «አባባ... ጋላክሲው እሱ ነበር። ሌላው ሁሉ የእኛው ሰፈር ኮከብ ነው።»

ከኋላ አንዱ «ቲቸር፣ ጋላክሲው የቱ ጋ ነው?» አለ።

ሌላው ቀበል አድርጎ «መንገድ ተዘግቶበት ይሆናል» ሲል ክፍሉ በሙሉ ሳቀ።

አጁሉ አንዴ አየችኝና «ፕሪንተሩ ነው ያበላሸው» አለቻቸው። ፕሪንተሬን በክፉ ያነሳን ሰው ከደጄ የማባርር እኔ... «አዎ፣ ፕሪንተሩ ነው» አልኩ።

ሰው ሳይፈጠር መንገድ የጀመረ ብርሃን፣ ያን ሁሉ መጥቶ እኔ ቤት ሲደርስ ጠረግሁት። ይባስ ብዬ ሴትየዋን አስዋሸኋት።

ደግነቱ ዋናው እሷ ዘንድ አለ። ዛሬ ከእሷ ተቀብዬ ከነጭጋጉ አተምኩት። ሰኞ ይዤው እሄዳለሁ፤ ፕሪንተሩ እንዳልነበረም በአፌ እናገራለሁ።

ቤት ገብቼ ግድግዳው ላይ ያለችውን ሚስቴን ሳያት ቆየሁ። ጉንጯ ላይ ጠባሳ ነበራት... በየትኛው በኩል እንደነበር ጠፋኝ። ነፍሷን ይማርና፣ እሱን አጥፍቼ ፎቶዋን የሰቀልኩ ቀን ቀና ብላ አየችውና «ይቺን ደግሞ መቼ አገባሃት?» ነበር ያለችኝ።