ሠርክአዲስን ያልናፈቃት ጉባኤ

ኢንተርኔት ከአሥራ አንድ ወር በኋላ ወደ ፍኖተ ሰላም የተመለሰ ዕለት ሠርክአዲስ በረንዳዋ ላይ ተቀምጣ የቡሬ በርበሬ ትቀነጥስ ነበር። ስልኳ አከታትሎ ጮኸ። መጀመሪያ የገባው መልእክት አዲስ አበባ ካለው የሞርሞኖች ጉባኤ መሪ ከይሄይስ ነው። «እህት ሠርክአዲስ! ናፍቀሽናል! እሑድ በስልክ እንገናኝ!»

«እህት ይለኛል» አለች አፏን አጣማ። «እኔ ሳዋልድ እሱ ገና አልተጸነሰም።»

ሠርክአዲስ ስድሳ ሦስት ዓመቷ ነው። ከሠላሳ ዓመት በላይ አዋላጅ ነርስ ሆና ሠርታለች፤ ግማሹን ዘመን አዲስ አበባ። እዚያ ሳለች አንዲት የሥራ ባልደረባዋ አንድ እሑድ ወደ ሞርሞኖቹ አዳራሽ ወሰደቻት። ድምፅ ማጉያ የለም፤ ጃንጥላ ዘቅዝቆ የሚለምን የለም። ሰዉ ቁጭ ብሎ ቁራሽ ዳቦና በትንሽ ኩባያ ውኃ እየተቀባበለ ይቀምሳል፤ ያን ጊዜ ማንም አይተነፍስም። ዕድሜዋን ሙሉ በምጥ ጩኸት መካከል ለኖረች ሴት ያ ዝምታ ከስብከት ሁሉ በለጠባት። ለእሱ ስትል ተጠመቀች።

ሌላው ሁሉ የመጣው በኋላ ነው። እናቷ ታመው ለማስታመም ወደ ፍኖተ ሰላም ስትመለስ በከተማው ብቸኛዋ ሞርሞን ሆነች፤ እናቷ ካረፉም ወዲህ ቤተ ክርስቲያኗ የእጅ ስልኳ ሆነ። እሑድ እሑድ ነጭ ሸሚዟን ለብሳ ስልኩን በስኳር ዕቃ ላይ አስደግፋ ትቀመጣለች። ምስክርነት የሚሰጡት ሰዎች ሁሉ አንድ ሰው የጻፈላቸው ይመስል አንድ ቃል ይናገራሉ፤ እንባቸው እንኳ እዚያው ቃል ላይ ሲደርስ ይመጣል። «ወግ ነው ሲዳሩ ማልቀስ» ትላለች ለብቻዋ። አንድ ጊዜ ከአሜሪካ የሚላከው የትምህርቱ መጽሐፍ «የጎረቤታችሁን ደጅ በረዶ በአካፋ ጥረጉለት» ሲል፣ የከተማው ሙቀት ማንጎውን በዛፉ ላይ ያበስል ነበር። ይሄይስ ግን ያቺን ገጽ ፊቱን ሳይለውጥ አነበባት፤ «ይህ ለእኛም ትልቅ ትምህርት ነው» ብሎ ጨመረባት።

የሚያበሳጫት ደግሞ ይህ ነው፤ ዳቦው የሚባረክበት ሰዓት ሲደርስ ስርጭቱን ያቋርጡታል። ሥርዓቱ ነው አሏት። ዳቦ መባረክ ያለበት ክህነት ባለው ወንድ ነው፤ በፍኖተ ሰላም እንዲህ ያለ ወንድ የለም። ስለዚህ ስብከቱ ሁሉ ይደርሳታል፤ ዝምታው አይደርሳትም።

ኔትዎርኩ የጠፋ ሰሞን ሁለት እሑድ ሸሚዟን ለብሳ ጠበቀች። በሦስተኛው ሸሚዙን አጥባ ሰቀለችው። ጎረቤቷ ንግሥቴ ይህን አይታ፣

«እታለም፣ እንግዲህ ከእኔ ጋር ሚካኤል ብትሳለሚስ ምን አለበት?» አለቻት።

«ምን ልሰማ? የማኅበራችሁን ሐሜት? እሱን እዚህ ሆኜም እሰማዋለሁ።»

ንግሥቴ ሳቀች እንጂ አልተቀየመችም። ሐሜቱን የምታመጣላት ራሷ ነበረች። የማኅበሩ ሴቶች «እሷ የነካችው ይረክሳል» ማለታቸውን የነገረቻትም እሷው ናት። በግጭቱ ምክንያት መንገድ በተዘጋበት ክረምት ግን፣ ይህን ካሉት የአንዷ ምራት ምጥ ጠንቶባት ሠርክአዲስን ሊጠሩ መጡ። ሄደች። ልጁን በእግሩ አወጣችው። አማቲቱ እጇን ልትስም ስትጎነበስ፣

«ተይው፣ ትረክሻለሽ» አለቻትና ጓንቷን አውልቃ ወጣች።

እናም ኔትዎርኩ በተመለሰ ሳምንት ይሄይስ ደወለ። ድምፁን ማር ቀብቶታል።

«እህት ሠርክአዲስ፣ እሑድ የውጭ አገር እንግዶች ያዳምጣሉ። ስለ እምነትሽ የደረሰብሽን መከራ ብትመሰክሪልን?»

«የምን መከራ?»

«መቼም እዚያ ብቻሽን ሆነሽ... ስደት፣ መገለል አይጠፋም።»

«ማን አሳደደኝ? ቤቴ ነው ያለሁት።»

«ትንሽ መከራም ብትሆን ታበረታታናለች» አለ ያለችውን ሳያዳምጥ።

ሠርክአዲስ ስልኩን ዘግታ ወደ በርበሬዋ ተመለሰች። ሰው በእሷ ላይ እንዲከፋ እየተመኙ የሚጸልዩላት መሰላት። እንደዚያ ቀን ሰው ንቃ አታውቅም። ሆኖም መልሳ ደውላ እሺ አለች፤ ለመናገር የምትፈልገው ነበራትና።

እሑድ ተራዋ ሲደርስ እንዲህ አለች።

«ያሳደደኝ ሰው የለም። ይስቁብኛል፤ እኔም እስቅባቸዋለሁ። አሥራ አንድ ወር ሳትደርሱኝ ስትቀሩ ስብከታችሁ አልናፈቀኝም። እንባችሁም አልናፈቀኝም። የናፈቀኝ ዳቦው ነው። በእነዚህ እጆች ስንቱን ነፍስ ተቀብያለሁ፤ አንዲት ቁራሽ ዳቦ ግን እንድባርክባቸው አይፈቀድልኝም። የሚባርክ ሰው ላኩልኝ ብዬ ስለምን ስንት ዓመቴ ነው። ይኸው ነው።»

አስተርጓሚው ጉሮሮውን ጠረገና በእንግሊዝኛ «እህታችን በመከራ ውስጥ ሆና የወንድሞቿን ትምህርት እጅግ ናፈቀች» አለ። ሠርክአዲስ እንግሊዝኛውን ከሐኪሞች ጋር ስትሠራ ለምዳዋለች።

«እሱን አላልኩም» አለች በአማርኛ። ከዚያም በተሰባበረ እንግሊዝኛ «ስብከቱ አልናፈቀኝም፤ ዳቦው ነው» ብላ ደገመችላቸው።

አንዲት ሽበታም ፈረንጅ ሴት በስልኩ መስታወት ጥግ ላይ ሳቀች፤ ከዚያም አፏን በእጇ ከደነች።

«ኔትዎርኩ እየተቆራረጠ ነው መሰለኝ» አለ ይሄይስ።

«ኔትዎርኩስ ደኅና ነው፤ ይሄይስ...» እያለች ድምፅዋን ዘጉባት።

ማታውን ይሄይስ ደወለና ማዘኑን ነገራት። እንግዶች ፊት እንዳዋረደችው፣ ነገሩን ለብቻው ልትነግረው ይገባት እንደነበር ተናገረ። ለብቻው ስንት ጊዜ እንደነገረችው ቆጠረችለት። ከአዲስ አበባ የሚባርክ ሰው እንዲልክላት ስትጠይቀው «መንገዱ ሰላም ሲሆን» አላት። መንገዱ ሰላም በነበረ ጊዜ «በጀት ሲፈቀድ» ነበር ያለው።

ከዚያ ወዲህ ንግግር እንድታደርግ አልጠየቋትም። ሠርክአዲስ «ከዝምታው ቀጥሎ ከቤተ ክርስቲያኒቱ ያገኘሁት ሁለተኛው መልካም ነገር ይህ ነው» ትላለች። አሁንም እሑድ ትገባለች፤ መዝሙር ሲዘመር ድምፁን ከፍ ታደርጋለች፤ ይሄይስ ሲናገር ታጠፋውና አፉ ሲከፈትና ሲዘጋ ታያለች።

«እንዲህ ከናቅሻቸው ለምን አትተያቸውም?» አለቻት ንግሥቴ አንድ ቀን።

«አንችስ የማኅበርሽን ሴቶች ስትቦጭቂ ውለሽ በማግሥቱ ጽዋ ይዘሽ ትሄጂ የለ?»

«የእኔስ ማኅበር ነው፤ ምን ላድርገው።»

«የእኔም ነው» አለችና ወደ ጓዳ ገባች።